አጭሩ ይበልጣል ወይስ ረጅሙ

ባሌ ድምፁ ተዘግቶ መምጣት የጀመረው መስከረም ላይ ነው።

ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው «ቲኬትዎን ያሳዩኝ» እና «በዚያ በኩል ይውጡ» ነው። እቤት ሲገባ እሱንም ይቀንሳል። በትዳራችን ዘመን ሲጮኽ የሰማሁት ልጃችን ሕፃን እያለች መኪና መንገድ ልትገባ ስትል ብቻ ነው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ እሁድ እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ሰርግ ሲያደምቅ እንደዋለ ሚዜ ጉሮሮው ሻክሮ መግባት የጀመረው።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ኳስ እያየን ነበር።»

«የምን ኳስ?»

«የአሜሪካኖቹን።»

ያኔ ነው የተጠራጠርኩት። ባሌ የአሜሪካን ፉትቦል የሚንቅ ሰው ነው። «በእጃቸው አቅፈው እየሮጡ የእግር ኳስ ይሉታል» እያለ ሲስቅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን ከቅዳሴ ወጥተን አውሮራ እቤታችን ያደርሰኝና ልብሱን ሳይቀይር ከዴንቨር በስተሰሜን ቶርንተን ድረስ ይነዳል። ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ቤት ነው አለኝ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው «አታውቂውም» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ዕድርና በሁለት ገበያ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። የማላውቀው ሐበሻ ቶርንተን ከየት ይመጣል?

ጥርጣሬዬ ሁለት ነበር። አንደኛው ሴት ናት። ሸሚዙ የሌላ ቤት ወጥ ይሸታል፤ እኔ የማላበዛው ኮረሪማ የበዛበት። ሁለተኛው ደግሞ ባሌ ጴንጤ ሆኗል የሚል ነው። ቶርንተን በየቤቱ የጸሎት ኅብረት እንዳለ አውቃለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጴንጤ ልጅ አለች፤ ሸጋ ልጅ ናት፤ እሁድ ስትዘምር ትውልና ሰኞ ጠዋት ልክ እንደ ባሌ ድምፅዋ ተዘግቶ ትመጣለች። ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል ብዬ አሰብኩበት። አልታወቀኝም።

የምሠራው ፓርክ ሂል፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ነርስ ረዳት ነኝ። እዚያ ከማስታምማቸው ሰዎች መካከል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ጡረታ የወጣች አንዲት አሮጊት ነበረች። የከተማው ቡድን ሲጫወት ክፍሏ ውስጥ መድኃኒት ይዞ መግባት እንኳ በፈቃድ ነው። ባሌን ለመያዝ ጨዋታውን ማወቅ እንዳለብኝ ስለገባኝ፣ «እስኪ አስተምሪኝ» አልኳት።

ደስ አላት። ቡድኑ ውስጥ ኳሷን ተቀብለው በሰው መሀል ሰንጥቀው የሚሮጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ ረኒንግ ባክ ይባላሉ። አንዱ አጭርና ድንቡሽ ያለ ነው፣ ሌላው ረጅም። አሠልጣኙ እያፈራረቀ ያሰልፋቸዋል፤ ስለዚህ ከተማው ሁሉ ማን ይበልጣል እያለ ይከራከራል። አሮጊቷ የረጅሙ ወገን ናት። «ኳስ አይጥልም» አለችኝ። «ሲወድቅም ወደፊት ነው የሚወድቀው። ከሰው የምፈልገው ይኼንን ነው።»

ይህን ይዤ እቤት ገባሁ። ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ባሌ ጫማውን እየፈታ ነበር።

«ከሁለቱ ረኒንግ ባኮች ማን ይበልጣል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ደነገጠ። መደንገጡን መዘገብኩ።

«ማን ነገረሽ ስለ ረኒንግ ባክ?»

«ሥራ ቦታ ያወራሉ። ማን ይበልጣል?»

የጫማውን ክር ለቀቅ አድርጎ እንዲህ አለ፤ «አጭሩ ኳሷን ከተቀበለ በኋላ ወዲያው አይሮጥም። የሰው ቤት በር አንኳክቶ እንደሚጠብቅ ሰው ቆም ይላል። ከዚያ ክፍት ሲል ይገባል። ቀኝ ትከሻው መጀመሪያ ነው የሚገባው።»

ይኼ የወንድ የኳስ ወሬ አይደለም። ወንዶች ነጥብ ይቆጥራሉ፣ ያርድ ይቆጥራሉ፣ ይሳደባሉ። እሱ ግን አየሁ ሳይሆን ተነገረኝ የሚል ሰው ይመስል ነበር። በማግስቱ ለአሮጊቷ ቃል በቃል ነገርኳት። ሳቋን ያዝ አድርጋ «ባልሽ ወይ ጨዋታውን ከእኔ በላይ ያውቃል፣ ወይ አንድ ሰው አስጠንቶታል» አለችኝ። እኔ ሁለተኛውን ወሰድኩ።

እሁድ ተረኛ ስለነበርኩ እሷ ክፍል ቆሜ ጨዋታውን አየሁ። ረጅሙ አልተሰለፈም፤ ግራ ቁርጭምጭሚቱን አሞታል አሉ። ጥሩ ወጥመድ ሆነልኝ። ማታ ባሌ እንደተለመደው እየተንሾካሾከ ሲገባ «ረጅሙ ዛሬ እንዴት ዋለ?» አልኩት።

«አልገባም እኮ። ቁርጭምጭሚቱን ነው።»

በትክክል መለሰ። ግን ቶሎ መለሰ። ሰው አንዴ ከተጠራጠረ ትክክለኛ መልስ አያረካውም፤ እንዲያውም ይብስበታል። መንገድ ላይ ሬዲዮ ሰምቶ ይሆናል አልኩ።

በሚቀጥለው የዕረፍት እሁዴ አብሬህ ልሂድ አልኩት። «ይደብርሻል» አለ። «ይደብረኝ» አልኩ። «ሰውዬው እንግዳ አይወድም» አለና ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ልጃችን ኮሌጅ ስትገባ፣ ማን የት እንዳለ እንድንተያይ የሦስታችንንም ስልክ ሎኬሽን ሼር አድርገን ነበር። ከፍቼ አየሁ። ምልክቱ ሰሜን ወጥቶ ቶርንተን አንድ አፓርታማ ላይ ቆመ። ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ መኪናዬን አስነሣሁ።

ፎቁ ላይ ወጥቼ ከየትኛው በር እንደሆነ ስፈልግ የባሌን ድምፅ ሰማሁ። እየጮኸ ነበር።

«ያዘው! አልለቀቀውም! አሁንም አልለቀቀውም! ወጣ… ወጣ… ተነሣ በለው! ወደቀ!»

ሰይጣን እያስወጣ ነው ብዬ ነው የደመደምኩት። እሱ ራሱ ነው የሚያስወጣው፤ ተራ ምእመን እንኳ አይደለም፣ መሪ ሆኗል። ትንሽ ቆሜ ሌላ ድምፅ ጠበቅሁ። አንድ ጎልማሳ ሰው «ከዚያስ?» ሲል ተሰማኝ። አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ ባሌ ነው፤ በእጁ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዟል። «ምን ሆነሽ? ሰው ታመመ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። በትከሻው አሻግሬ አየሁ። ሶፋው ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። አወቅሁት። ከባሌ ጋር ዳውንታውን ይሠሩ የነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያንም በስተቀኝ ዓምዱ ሥር የማይጠፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሌላ ስቴት ገቡ ተብሎ ነበር፤ ከታዩ ዓመት አልፏቸዋል። ቴሌቪዥኑ በስተግራ ነው ያለው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ያዞሩት ባሌ ቆሞበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ነው።

«ለምን አቆምከው? ማን ነው የመጣው?» አሉ።

ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ እኔ ወደሌለሁበት። እኔ በዚህ ሥራ ነው የምኖረው፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። እጃቸውን ፈልጌ ያዝኩት።

«ስኳሩ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ቀኝ ዓይኔ ቀድሞ ሄደ፣ ግራው ተከተለው። ባልሽን አትቆጪው። ለማንም እንዳትናገር ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሰምቶ ቢመጣ ቤቱን የለቅሶ ቤት ያደርጉብኛል።»

ከእህታቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ኮረሪማው የእሷ ነው። እሁድ ከሰዓት እሷ ሥራ ስትገባ ባሌ ይመጣል። ይህን ጨዋታ የለመዱት ከማቆሚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ጨዋታ ቀን ተመልካቾቹ መኪናቸውን እስኪወስዱ እየጠበቁ ነው። ዓይናቸው ሲጠፋ ሬዲዮ ሞከሩ፤ እንግሊዝኛው ይፈጥንባቸዋል። የቴሌቪዥኖቹ ደግሞ «ለሚያይ ሰው ነው የሚያወሩት፣ ግማሹን ይተዉታል» አሉ። ስለዚህ ባሌ ኳሱን በአማርኛ ይነግራቸዋል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቆሞ።

ያን ያህል ወራት ያልተናገረኝ ባል እዚህ ቤት ለሦስት ሰዓት ያህል እንደሚናገር ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ አሁንም በደንብ መለየት አልችልም። እፎይታው ነበረ። ቅናትም ነበረ።

ልወጣ ስል ጋሼ «ተቀመጪ» አሉኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባልሽ ያዳላል?»

«በምን ጋሼ?»

«በእነዚህ በሁለቱ ልጆች። አጭሩ ሲሮጥ ያንቆለጳጵሰዋል፤ በር አንኳኳ፣ ገባ፣ ወጣ፣ የክረምት ወሬ ይሆናል። ረጅሙ ሲሮጥ ግን ‹ሄደ፣ ያዙት፣ ወደቀ›። በቃ። እኔ ረጅሙን ዓይኔ ሳይጠፋ አይቼዋለሁ። እንደሱ አይደለም የሚሮጠው። ከመስከረም ወዲህ ስጠረጥር ነው የከረምኩት።»

ባሌ «ጋሼ፣ እኔ ምን ብዬ አዳላለሁ?» አለ።

«አንተ ሪሞቱን ስጠኝና ኩሽና ግባ» አሉት።

እንደ ድሮ ዳኛ ምስክር ሊለያዩ ነው። ባሌ ገባ፣ በሩንም ዘጋ። እሳቸው ሪሞቱን በጣታቸው ዳብሰው ጨዋታውን አስኬዱት። ትንሽ ቆይቶ ረጅሙ ኳሷን ተቀበለ። አስተላላፊው ስሙን ሲጠራ ሰምተው፣ ትንሽ አስኬዱና አቆሙት፤ «ያየሽውን ንገሪኝ፣ ሳትጨምሪ» አሉኝ።

«ወደ ግራ ሮጠ» አልኩ። «አንዱ ወገቡን ያዘው፤ እሱን እየጎተተ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ብዙ ሰው ወደቀበት። ሲነሣ በግራ እግሩ አልቆመም።»

«እንዴት አልቆመም?»

«በጣቶቹ ብቻ ነው የረገጠው። እግሩን ይፈራዋል። ከዚያ ሰው እንዳያውቅበት ዱብ ዱብ እያለ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ሥራ ቦታ ወድቀው ምንም አልሆንኩም የሚሉኝ ሰዎች እንደዚያ ናቸው።»

ባሌን ጠሩትና ያንኑ ሩጫ ወደኋላ መልሰው አሳዩት።

«ንገረኝ እስቲ፣ አሁን የሆነውን።»

«ረጅሙ ወደ ግራ ሄደ፣ ያዙት፣ ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ተነሣ።»

«እንዴት አድርጎ ተነሣ?»

ባሌ ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ግራ እግሩስ?» አሉት ጋሼ።

«… ያነክሳል» አለ ባሌ። «መጀመሪያ ሲጎዳ አላወቅንም ነበር። አንድ ቀን አስቀምጠውት ተመለሰ፣ ግን አልዳነም። እርስዎ እሱን ይወዱታል። በየጊዜው አነከሰ፣ አነከሰ እያልኩ እንዴት ልንገርዎት? ስለዚህ አሳጠርኩት።»

እኔ ጋሼ የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። ተቆጡ። ድምፃቸውን ግን አላነሡም።

«ዓይንህ አይመለስም ሲል ሐኪሙ እንኳ አላሳጠረልኝም። ያየኸውን እንድትነግረኝ ነው የለመንኩህ፤ የሚሻለኝን መርጠህ እንድትሰጠኝ አይደለም። ታዳላለህ ብዬ ሳማህ ነበር። ማዳላትህ ይሻል ነበር።» ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «በሉ ግቡ እቤታችሁ።»

በየመኪናችን ተመለስን። እቤት ስንደርስ ባሌ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ለእኔ እንኳ?» አልኩት።

«ሚስጥሩ የእኔ አልነበረም። አንቺ ግን ምን መስሎሽ ነው ተከትለሽኝ የመጣሽው?»

ሁለቱንም ነገርኩት። ሴቲቱን ስጠቅስ የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። ጴንጤውን ስጠቅስ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ቆየና «ከሁለቱ የትኛውን ነበር አብልጠሽ የፈራሽው?» አለኝ። ገና አላወቅሁም አልኩት። ያን ምሽት የተናገርነው ይኼን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ አልተጠራም። ከቅዳሴ ተመልሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ቴሌቪዥኑን አልከፈተም። በየደቂቃው ስልኩን ያያል። የጮኸው ግን የእኔ ስልክ ነው። ጋሼ ናቸው፤ ቁጥሬን እህታቸው አፈላልጋ አግኝታላቸው። «ጨዋታው ሊጀመር ነው። ብቻሽን ነይ» አሉኝ። ባሌን አየሁት። «ሂጂ» አለኝ፣ «ቀዝቃዛ ነገር አትጠጪ፣ ጉሮሮሽን ይይዝሻል።»

ሄድኩ። ከባሌ የበለጠ ያምኑኛል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። አንድ ሩጫ ስነግራቸው ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ከዚያ ወደኋላ ይመልሱትና «እንደገና» ይላሉ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ያስተያያሉ። «ቅድም ቀኝ እጁ ነበር ያልሽኝ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ሆን ብለው «አጭሩ ቅድም ኳሷን ጣለ ብለሽኛል አይደል?» አሉኝ። አላልኩም። እየፈተኑኝ እንደሆነ ስለገባኝ «አልጣለም ጋሼ፣ እኔም አላልኩም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ረጅሙ ከቀድሞው ትንሽ ተሽሎት ሮጦ ሲገባ ደስ ብሎኝ ድምፄ ከፍ አለ፤ ወዲያው «አንቺ ደግሞ ታዝኚለታለሽ» አሉኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንዲህ አሉ፤ «ባልሽ ጨዋታው ሳይጀመር ሜዳውን ይነግረኝ ነበር። ንፋሱ ባንዲራውን ወዴት እንደሚወስደው፣ ሰዉ ምን እንደለበሰ፣ ሣሩ ረጥቦ እንደሆነ። አንቺ እግር እግር ብቻ ነው የምታይው። ልጁ የት ሆኖ እንደሚሮጥ አላውቅም። ጨለማ ላይ ነው የሚሮጥብኝ።»

«ታዲያ ይምጣ?»

«ይምጣ። ክፉውንም እንዳለ የሚናገር ከሆነ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም መሄድ ጀመርን። እኔ ተረኛ በሆንኩበት እሁድ ባሌ ብቻውን ይሄዳል፤ ጋሼ ግን ሩጫዎቹን ያስቀዱና እኔ በሌላ ቀን ስመጣ ቃሌን ይቀበላሉ። ባሌ ሜዳውንና ሰዉን ይናገራል፣ እኔ እግሩን። ስንጋጭ ያቆሙታል፤ እንደገና ያስኬዱታል። በረዶ የጣለ ቀን የሜዳው መስመሮች ሁሉ ተሸፍነው ነበር። ባሌ «ነጭ ላይ ነው የሚሮጡት፣ ዳር የለውም» አለና ጋሼ ለረጅም ጊዜ ያን አሰቡት።

የመጨረሻው ጨዋታ ሲያልቅ ቡድኑ ተሸንፎ ነበር፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። እህታቸውም ዕረፍት ስለነበረች አብራን ተቀምጣለች። ጋሼ ፍርዳቸውን የሚሰጡበት ቀን ነው።

መጀመሪያ እኛን ጠየቁን። ባሌ አጭሩን አለ፤ በትዕግሥቱ፣ ቀዳዳው እስኪከፈት መጠበቅ በመቻሉ። እኔ ረጅሙን አልኩ፤ ኳስ አይጥልም፣ ጓደኞቹ ሲሮጡም ተቃራኒውን ያግድላቸዋል፤ ያንንም በአንድ እግሩ ነው ያደረገው። እህታቸው ሁለቱም ራስ ቁራቸውን ሲያወልቁ አንድ ናቸው አለች።

ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ዘንድሮ አጭሩ ይበልጣል» አሉ። «ሁለት ምስክር አለው፤ አንዱ የሚወደው፣ አንዷ የማትወደው፤ ስለ ሩጫው የሰጣችሁኝ ቃል ግን ተገጣጠመ። ከዚያ በፊት ስላለው ዘመን ከሆነ ምስክሩ የራሴ ዓይን ነው። ረጅሙን የሚያህል አልነበረም። ይኼን የሚሽርብኝ የለም።»

ባሌ «እሺ ጋሼ» አለ። በጣም ቶሎ ነው ያለው፤ ፊቱን አየት አደረግሁት። ስንወርድ ደረጃው ላይ «እውነት ተስማምተህ ነው?» አልኩት። «እሳቸው ያዩትን እኔ አላየሁም» አለኝ።

በዐቢይ ጾም ጋሼ የእህታቸውን ክንድ ይዘው ቤተ ክርስቲያን መጡ። ሰው ከበባቸው፤ የፈሩት ለቅሶም ትንሽ ነበረ። ችለው ቆሙ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ አሮጊቷ ክፍል ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ዜናውን አየሁ፤ ቡድኑ ረጅሙን ለሌላ ከተማ ቡድን አሳልፎ ሰጥቶታል። አሮጊቷ ቁርሷን አልነካችም። ለጋሼ መደበቅ እንደሌለብኝ ስለማውቅ እቤት እንደገባሁ ደወልኩላቸው።

«ማን አለሽ?» አሉ።

«በዜና ነው ያየሁት ጋሼ።»

«ባልሽ አለ? ስጪው።»

ስልኩን ሰጠሁት። «አዎ ጋሼ፣ እኔም አይቻለሁ። ሄዷል» አላቸው። ምንም አልጨመረም፣ ምንም አላሳጠረም። እሳቸው የሆነ ነገር ጠየቁት፤ ባሌ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ እኔ ዞረና፣

«መስከረም ላይ ጨዋታው ሲጀመር የዚያኛው ከተማ ቡድን እሁድ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጫወተው? እሱንም እንድናይላቸው ይፈልጋሉ» አለኝ።